ድሮን ሲግናል ሲያጣና ሲንሸራተት፦ ለሱሉልታና ለእንጦጦ ዙሪያ አብራሪዎች

ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል መጀመሪያ ይቆራረጣል። ከዚያ ቀጥ ይላል። ከዚያ ግራጫ ይሆንና ሲግናል መጥፋቱን የሚናገር ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። ያኔ ልብም አብሮ ቀጥ ይላል። ብዙ ሰው በዚያች ቅጽበት የሚያደርገው ተመሳሳይ ነው፤ ሁለቱንም ስቲክ ይዞ ወደ ኋላ መጎተት፣ የሪሞቱን አንቴና ወደ ድሮኑ መቀሰር፣ አጠገቡ ያለውን ሰው «አየኸው? የት ሄደ?» እያለ ማዋከብ። እኔም አድርጌዋለሁ። ሦስቱም አይጠቅሙም፣ ሁለተኛው እንዲያውም ነገሩን ያባብሰዋል፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

የምጽፈው ከአዲስ አበባ ዳር ዳሩን ለሚያበሩ ነው፦ ሱሉልታ፣ እንጦጦ፣ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ። ሠርግ ለሚቀርጽ፣ የሚሸጥ ቤት ለሚያነሳ፣ ወይም እሁድ እሁድ ለመዝናናት ብቻ ለሚያበር። የማውቀው ትንንሾቹን ነው፣ የዲጄአይ ሚኒንና መሰሎቹን። ትልቅ የእርሻ ድሮን ለያዘ ሰው ብዙም አይሆነውም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ተናግሬ ልለፈው። በአገራችን ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የምትጠይቁት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን ነው፣ ሁላችንም ኢንሳ የምንለውን። ከኤርፖርት፣ ከወታደር ካምፕና ከመንግሥት ተቋም ራቁ። ፈቃድ የሌለው ድሮን ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ «አይታችኋል ወይ?» ብሎ ሰው መጠየቅ እንኳ ያስፈራል።

የጠፋው ምንድን ነው?

«ሲግናል ጠፋብኝ» የሚል ሰው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊሆን ይችላል የሚለው።

አንደኛው ምስሉ ብቻ ሲጠፋ ነው። ስልኩ ፀሐይ ላይ ሞቆ አፑ ይዘጋል፣ ገመዱ ይላላል፣ ወይም በዚያች ሰዓት ስልክ ይደወላል። ድሮኑ ምንም አልሆነም፤ ሪሞቱ አሁንም እያዘዘው ነው። ሁለተኛው ሪሞቱና ድሮኑ ጭራሽ ሲቆራረጡ ነው። ያኔ ድሮኑ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቅና ቀድማችሁ ያዘዛችሁትን ያደርጋል። ሦስተኛው ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ድሮኑ አንድ ቦታ አልቆም ሲል ነው። ይሄ የጂፒኤስ፣ የኮምፓስ ወይም የነፋስ ጣጣ ነው።

ለይቶ ማወቁ የሚጠቅመው መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ነው። ወደ ቤት መመለሻዋ ቁልፍ (አርቲኤች የምንላት) በመጀመሪያው ጊዜ ታድናለች። በሁለተኛው እሱ ራሱ ይመለሳል፣ እናንተ ብትጫኑም አይሰማም። በሦስተኛው ግን ኮምፓሱ ከተሳሳተ ቁልፏ ድሮኑን ወዳልሆነ አቅጣጫ ልትልከው ትችላለች።

የከፍታችን ነገር

የአምራቾቹ መመሪያ የማይነግራችሁ እዚህ ነው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ቆማችሁ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። አየሩ በባሕር ጠለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፕሮፔለሩ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ይበልጥ መሽከርከር አለበት፤ ስለዚህ ባትሪ ቶሎ ያልቃል፣ ነፋስ ሲመጣ ለመታገል የሚተርፈው ጉልበትም ያንሳል። ሳጥኑ ላይ 30 ደቂቃ የሚል ቢኖርም እኔ 18 ደቂቃ ብዬ ነው የምነሳው።

የእንጦጦ አናት ደግሞ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። የመጀመሪያዋ ማቪክ ሚኒ በፋብሪካው የተፈቀደላት ከፍታ 3,000 ሜትር ነው፣ የምትችለውም ነፋስ በሰከንድ 8 ሜትር። እዚያ ስታስነሷት ገና መሬት ላይ እያለች ከልኳ አልፋለች ማለት ነው። ትነሳለች፣ ሲያስነሷትም አይቻለሁ። ከወጣች በኋላ ነፋስ ቢይዛት ግን የምትመለስበት አቅም የላትም። ሚኒ 2 እስከ 4,000 ሜትር ስለተፈቀደለት ለእንጦጦ እሱ ይሻላል።

የምታስነሱበት ቦታ

ለገጣፎ አንድ ጂ ፕላስ ቱ ቤት ላነሳ ሄጄ ነበር። ባለቤቱ «ሶሌታው ላይ ወጥተህ አስነሳው፣ እይታው ያምራል» አሉኝ። እሺ ጋሼ ብዬ ወጣሁ። ሶሌታው ገና አዲስ ነው፣ ፌሮው በየኮለኑ አናት ላይ እንደ ሸንበቆ ቆሟል። ድሮኑን መሃል አስቀምጬ ስከፍተው አፑ ኮምፓሱ እንደተረበሸ ነገረኝና ካሊብሬት አድርግ (አቅጣጫውን እንደ አዲስ አስተካክል) አለኝ። እኔም እዚያው ብረቱ መሃል ቆሜ አሽከርክሬ ካሊብሬት አደረግኩት። አረንጓዴ በራ። ደስ አለኝ።

ሁለት ሜትር ላይ ጸጥ ብሎ ቆመ። ወደ 15 ሜትር ሳወጣው ግን ክብ መሥራት ጀመረ። መጀመሪያ የምጣድ ስፋት ያህል፣ ከዚያ የመኪና ያህል፣ ከዚያ የጎረቤቱን ቆርቆሮ አልፎ እየሄደ የሚመለስ ትልቅ ክብ። ስቲክ አልነካሁም፤ ራሱ ነው የሚዞረው። ባለቤቱ ከታች ሆነው «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ሰክሯል እንዴ?» ይሉኛል። ዝም ብዬ ወደ ታች አወረድኩት። የአሸዋ ክምር ላይ ወደቀና አንድ ፕሮፔለር ብቻ ተሰበረ። ዕድል ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ብረት መሃል ካሊብሬት ሲደረግ ኮምፓሱ የፌሮውን መግነጢስ እንደ ምድር መግነጢስ ቆጥሮ ይመዘግባል። ከብረቱ ሲርቅ የመዘገበው ሁሉ ውሸት ይሆናል። ጂፒኤሱ «ወደ ምዕራብ እየሄድክ ነው» ሲለው ድሮኑ ወደ ምሥራቅ ለመመለስ ያዘነብላል፣ ግን ምሥራቁን አያውቀውም፣ ስለዚህ ወደ ጎን ይሄዳል። ያንን ለማስተካከል እንደገና ወደ ጎን ይሄዳል። ክቡ ከዚህ ነው የሚመጣው፤ በየዙሩም ይሰፋል።

እንግዲህ ከማስነሳታችሁ በፊት ይህን በተራ አድርጉ። ከመኪናችሁ አሥር ሜትር ያህል ራቁ። ከሶሌታ፣ ከማንሆል ክዳን፣ ከቆርቆሮ አጥርና ከብረት በር ሽሹ። ሣር ላይ ወይም ደረቅ አፈር ላይ አንድ ካርቶን አንጥፉ፤ አቧራው ሞተር ውስጥ እንዳይገባ። ኮምፓስ በየበረራው ካሊብሬት አይደረግም፣ ይሄ የድሮ ልማድ ነው። አፑ ሲጠይቅ ወይም ረጅም መንገድ ተጉዛችሁ ስትመጡ ብቻ አድርጉት፤ ያኔም ሰዓታችሁን፣ ቁልፋችሁንና ስልካችሁን ራቅ አድርጋችሁ። አፑ ኮምፓስ ተረብሿል ሲላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ቦታ ቀይሩ፤ ብዙ ጊዜ ሃያ ሜትር ስትሄዱ ቅሬታው ራሱ ይጠፋል።

ቀጥሎ ሰው የማያደርጋት ግን አንዲት ደቂቃ የማትፈጅ ምርመራ አለች። የድሮኑን አፍንጫ ወደምታውቁት ነገር አዙሩትና ካርታው ላይ ያለችውን ቀስት እዩ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሆናችሁ አፍንጫው እንጦጦን ካየ ቀስቷ ደቡብን ማየት አለባት። ሰሜንን ወይም ምሥራቅን ካየች አታስነሱ። አረንጓዴ መብራት ይዋሻል፣ እንጦጦ ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም።

ከዚያ ጂፒኤሱ በቂ ሳተላይት እስኪያገኝ ጠብቁ። እኔ ከ12 በታች አላስነሳም። ቤት የሚለው ነጥብ (ሆም ፖይንት) መመዝገቡን አፑ በድምፅ ሲናገር ስሙና ካርታው ላይ እግራችሁ ሥር መሆኑን አረጋግጡ። ተቻኩላችሁ ሳይመዘገብ ካስነሳችሁ አየር ላይ ጂፒኤስ ባገኘበት ቦታ ይመዘግበዋል፤ ያ ቦታ የሰው ጣሪያ ሊሆን ይችላል።

መጨረሻ ላይ በሁለት ሜትር ከፍታ አቁማችሁት ጣታችሁን ከስቲኩ አንሱ፣ ሠላሳ ሰከንድ እዩት። በጂፒኤስ ብቻ ሲቆም እስከ አንድ ሜትር ተኩል ወዲያ ወዲህ ማለቱ ያለ ነው። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ወደ አንድ ጎን ብቻ እየሄደ ከሆነ፣ አውርዱትና የተጣመመ ፕሮፔለር ፈልጉ። የሪሞቱ ስቲክም በአቧራ ብዛት መሃሉን ሊስት ይችላል፤ አፑ ውስጥ ማስተካከያ አለው። ይቺ ሠላሳ ሰከንድ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌላም ጥቅም አላት። ጠዋት በውርጭ የቀዘቀዘ ባትሪ በድንገት ኃይል ሊጥል ስለሚችል እንዲሞቅ ጊዜ ትሰጠዋለች። እኔ ባትሪውን ከቤት ጀምሮ ጃኬቴ ውስጥ ነው የማመጣው።

የመመለሻ ከፍታ

ከሁሉም በላይ ድሮን ያሳጣኝ ይሄ ነው። አንድ ድሮን፣ አንድ ጊዜ፣ ግን አልረሳውም።

ድሮኑ ከሥሩ ካለው መሬት ምን ያህል ከፍ እንዳለ አያውቅም። የሚያውቀው ከተነሳበት ነጥብ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ነው። ስክሪኑ ላይ 60 ሜትር ሲል ከእናንተ እግር 60 ሜትር ማለት ነው። ከሱሉልታ ሜዳ ተነስታችሁ ወደ እንጦጦ ጀርባ ስትገፉ መሬቱ እየተነሳ ይመጣል፤ ቁጥሩ 60 እያለ ድሮኑ የባሕር ዛፍ ጫፍ ሊነካ ይችላል። የመመለሻ ከፍታውም እንዲሁ ከተነሳበት ነው የሚለካው።

እኔ ከቀደመው ሥራ 30 ሜትር ላይ ትቼው ነበር። ሜዳ ላይ ስለነበር በቂ ነበረ። በሳምንቱ ሱሉልታ አንድ ጅረት ተከትዬ ዝቅ ብዬ እያበረርኩ ከባሕር ዛፍ ተክል ጀርባ ገባሁ። ሲግናል ጠፋ። ድሮኑ የታዘዘውን አደረገ፤ ወደ 30 ሜትር ወጣ፣ አፍንጫውን ወደ እኔ አዞረ፣ ቀጥ ብሎ መጣ። ዛፉ 40 ሜትር ይሆናል። ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ከሩቅ ሰማሁት።

ሚኒ 2 ወደ ፊት የሚያይ ዓይን የለውም፤ ከሥሩ ብቻ ነው። ሚኒ 4 ፕሮ ዙሪያውን ያያል፣ ግን እሱም ቢሆን ቀጭን ቅርንጫፍና የመብራት ሽቦ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ ከፍታውን በየቦታው ቀይሩ። ስንት ላድርገው ካላችሁ ዛፉን በራሱ በድሮኑ ለኩት። ካሜራውን ቀጥ ወደ ፊት አድርጉ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያይ። ቀስ ብላችሁ ከፍ በሉ። የዛፉ ጫፍ ከስክሪኑ መሃል መስመር ጋር ሲገናኝ ድሮኑና ዛፉ እኩል ናቸው፤ ቁጥሩን አንብቡ። ሃያ ሜትር ጨምሩበት። ኮረብታውን፣ ማማውንና የከፍተኛ ኃይል መስመሩንም እንዲሁ። ክፍት ሜዳ ላይ 40 ይበቃል፣ ወደ እንጦጦ ተዳፋት ከሆነ እኔ 100 አደርገዋለሁ። ሁሌ 100 አድርጎ መተውም ጥሩ አይደለም፤ ላይ ነፋሱ ይከፋል፣ መውጣቱም ባትሪ ይበላል።

ሲግናል ሲጠፋ ምን ያድርግ የሚለው ምርጫ ላይ «ተመለስ» የሚለው መመረጡንም እዩ። «ባለህበት ቁም» ወይም «ውረድ» የሚሉ አማራጮች አሉ። ድሮኑን ሁለተኛ እጅ ከገዛችሁ የቀድሞው ባለቤት ምን እንዳደረገው አታውቁም።

ሲግናሉ እንዳይጠፋ

አንቴናውን ወደ ድሮኑ መቀሰር ያባብሰዋል ያልኩት ለዚህ ነው። ከአንቴናው ጫፍ የሚወጣው ሲግናል በጣም ደካማ ነው፤ ጠንካራው ከሰፊው ጎኑ ነው የሚወጣው። የአንቴናው ሰፊ ፊት ድሮኑን ይይ። አንቴናው ሪሞቱ ውስጥ የተደበቀ ሞዴል ከሆነ የሪሞቱ ፊት ራሱ ወደ ድሮኑ ይዙር። ድሮኑ በጀርባችሁ ከሄደ እናንተም ዙሩ። ሰውነታችን ውሃ ነው፣ ሲግናል ይጠጣል። ዝናብ የመታው የባሕር ዛፍ ቅጠልም እንደዚያው። ቆርቆሮ ይመልሰዋል። ኮረብታ ከሆነ ጨርሶ አያሳልፍም።

ከእንጦጦ ጠርዝ ሆነው ወደ ገደል የሚያወርዱ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። አምስት ሜትር ወደ ኋላ ቆመው ድሮኑን ከጠርዙ በታች ሲያወርዱት በመሃላቸው አፈር ይገባል። ወይ ጠርዙ ዘንድ ቁሙ (እግራችሁን እያያችሁ)፣ ወይ አታውርዱት።

ሪሞቱ ከሚሠራባቸው የሬዲዮ ሞገዶች 2.4 ጊጋኸርዙ ሩቅ ይሄዳል፣ እንቅፋትንም በመጠኑ ያልፋል፤ ግን የሰፈሩ ዋይፋይ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። 5.8 ክልሉ ይጠባል፣ ሆኖም ኮንዶሚኒየም አካባቢ ይጸዳል። ሜዳ ላይ 2.4፣ ቤት በበዛበት 5.8፣ ካልሆነ አውቶማቲክ ላይ ተዉት። የስልካችሁን ዋይፋይና ሆትስፖት አጥፉ። እኔ ጭራሽ አውሮፕላን ሞድ ላይ ነው የማደርገው፤ አክስቴ መሃል ላይ ስትደውል አፑ ስለሚዘጋ። ካርታውን ግን ቤት ሳላችሁ ክፈቱትና ስልኩ ላይ ይቀመጥ፤ ሱሉልታ ዳር ዳሩ ላይ ዳታ እንደ ልብ አይገኝም።

ነፋሱን ደግሞ በቁጥር እዩት። ድሮኑ በኖርማል ሞድ በሰከንድ 10 ሜትር ይሄዳል፣ ነፋሱ በሰከንድ 8 ሜትር ነው እንበል። ከነፋሱ ጋር 600 ሜትር ሲሄድ ሠላሳ ሦስት ሰከንድ ይፈጅበታል፤ «ዛሬ እንዴት ይበርራል!» ትላላችሁ። ሲመለስ ግን የሚተርፈው 2 ሜትር ነው፤ 5 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ስትሄዱ ነፋሱን ፊት ለፊት፣ ስትመለሱ ከኋላ አድርጉት። መሬት ላይ ያለውን አትመኑ፤ የባሕር ዛፉን ጫፍ እዩ፣ እሱ ከተጎነበሰ ላይ ነፋስ አለ። ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው አየር የተሻለ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይነሳል።

ሲግናል ሲጠፋ፣ በተራ

አንድ። ጣታችሁን ከስቲኩ አንሱ። ሲግናሉ ብልጭ ብሎ ሲመለስ የያዛችሁት ስቲክ ድሮኑን ወዳልሆነ ቦታ ይነዳዋል።

ሁለት። ሰዓት እዩ። ባትሪው ስንት ነበር፣ ርቀቱ ስንት፣ ከፍታው ስንት? ጮክ ብላችሁ ተናገሩት፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው ይያዝላችሁ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ አታስታውሱትም።

ሦስት። የጠፋው ምስል ብቻ መሆኑን እዩ። ሪሞቱ መገናኘቱን በመብራቱ ወይም በድምፁ ይናገራል። ምስል ብቻ ከሆነ የአርቲኤች ቁልፉን ረዘም አድርጋችሁ ተጫኑ፣ ተረጋግታችሁ አፑን ዝጉና ክፈቱ። ገመዱን ነቅላችሁ ሰኩ። ሪሞቱን አታጥፉት።

አራት። ሁለቱም ከጠፉ የምትንቀሳቀሱት እናንተ ናችሁ። ከቤት ጥግ ውጡ፣ ከዛፍ ሥር ውጡ፣ ጉብታ ካለ ውጡበት። መኪና ውስጥ አትግቡ፣ ብረት ነው። ሪሞቱን ከደረት ከፍ አድርጉና ፊቱን መጨረሻ ወዳያችሁት አቅጣጫ አዙሩ።

አምስት። ቁጠሩ። 600 ሜትር ከነበረ ለመውጣትና ለመመለስ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል፣ ተቃራኒ ነፋስ ካለ አምስትም ስድስትም። ከዚያ በፊት ጠፋ አትበሉ። አንዳንድ ሞዴል መጀመሪያ በመጣበት መንገድ ትንሽ ወደ ኋላ ከተጓዘ በኋላ ነው የሚወጣው፤ ለዚህም ጊዜ ስጡት።

ስድስት። ሲግናሉ ሲመለስ ወዲያው ነጥቃችሁ አትንዱት። መንገዱ ላይ ዛፍ ካለ ስቲኩን ወደ ላይ ግፉና ከፍ አድርጉት። ችግሩ ነፋስ ከሆነና በራሱ ሲመለስ ርቀቱ ካልቀነሰ ግን መመለሱን ሰርዙ፣ ከዛፍ በላይ እስከሆነ ድረስ ዝቅ አድርጉት፣ ስፖርት ሞድ አድርጉና በእጃችሁ ንዱት። ሚኒ 2 በስፖርት ሞድ በሰከንድ 16 ሜትር ይደርሳል፤ በራሱ ሲመለስ ይህን ጉልበት አይጠቀምም። ባትሪው እንደማያደርሰው ካያችሁት ክፍት ሜዳ መርጣችሁ፣ ካሜራውን ወደ ታች አድርጋችሁ፣ ምስሉን እያያችሁ አሳርፉት። የታረሰ መሬት ከጣሪያ ይሻላል።

ሲንሸራተት

ክብ እየሠራ ከሆነ ኮምፓሱ ነው። አርቲኤች አትጫኑ። ስቲክ እያገላበጣችሁ አትታገሉት፤ ከሰው ርቆ ባለበት ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱት።

ጂፒኤስ ከጠፋ ሌላ ነው። ድሮኑ ከፍታውን ይጠብቃል፣ ቦታውን ግን አይጠብቅም፤ ስቲኩን ብትለቁትም አይቆምም፣ ነፋሱ እንደ ፌስታል ይወስደዋል። አርቲኤችም ያለ ጂፒኤስ አይሠራም። ያኔ በእጃችሁ ነው። ኋላውን ወደ እናንተ አድርጉ፣ ግራና ቀኙ እንዳይገለበጥባችሁ። ወደሚወስደው ተቃራኒ በትንሹ ግፉ። ከአሥር ሜትር በታች አውርዱት፤ ከሥሩ ያሉት ዓይኖች መሬቱን ካዩት ራሱ ይቆማል። ውሃ ላይ፣ ጨለማ ላይ፣ ወይም ማዕበል የመሰለ የጤፍ ማሳ ላይ ግን ዓይኖቹ ይታለላሉ።

ስለ ምሽት አንድ ነገር ልጨምር። የውጭ አገር አብራሪዎች ኬፒ ስለሚሉት የፀሐይ ማዕበል ቁጥር ብዙ ያወራሉ። እኛ ጋ ግን ቁጥሩ ዝቅ ብሎም ጂፒኤስ ሊያስቸግር ይችላል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከላይ ያለው የአየር ንጣፍ ይረበሽና የሳተላይቱን ሲግናል ያርገበግበዋል። በተለይ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት ገደማ፣ ፀሐይ በምትነቃባቸው ዓመታት ደግሞ ይብሳል። አሁን ደመራ የሚቀርጹትን አስቡ፤ መስከረም 16፣ ማምሻ፣ ጨለማ፣ ጭስ፣ ሕዝብ። ጂፒኤሱም ከሥር ያለው ዓይንም አብረው የሚደክሙበት ሰዓት ነው። እኔ ደመራን ከመሬት ነው የማነሳው።

ከጠፋ በኋላ

አፑ ውስጥ ድሮንህን ፈልግ የሚል አለ። መጨረሻ የታየበትን ነጥብ ስክሪንሹት አንሱ። ባትሪው ካላለቀና ሲግናል ካለ ድሮኑን ማስጮህ ይቻላል። ሪሞቱን ከፍታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ስትጠጉ ይገናኛል። ከመጨረሻው ነጥብ ወደ ቤት ነጥቡ በቀጥታ መስመር አስምሩና መስመሩ ላይ ያለውን ረጅም ዛፍ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ እሱ ሥር ነው።

ግን ከአፑ በፊት እረኞቹን ጠይቁ። የኔን ያገኙልኝ እነሱ ናቸው። ኅዳር ነበር፣ ጤፉ ሊታጨድ ደርሷል። ሦስት ልጆች እየሮጡ መጡና አንዱ «ጋሼ፣ ንቧ እዚያ ወደቀች» አለኝ። ማሳው ጋ ስደርስ አንድ አባት ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዕቃዬ ጤፍዎ ውስጥ ገብቷል» አልኳቸው። «አንተ እንዳትገባ፣ ትረግጠዋለህ። ልጁ በቦዩ ይገባል» አሉኝ። ትንሹ ልጅ በቦዩ ገብቶ በሁለት እጁ ታቅፎ አመጣው። ክንዱ ተሰብሯል፣ ካሜራው ተርፏል። ሱሉልታ ለምታበሩ አፋን ኦሮሞ ሰላምታ እንኳ ማወቅ ብዙ መንገድ ይከፍታል። ድሮኑ ላይ ስልክ ቁጥራችሁን በትንሽ ወረቀት ለጥፉ፣ እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ነው የለጠፍኩት።

ሲገኝ መጀመሪያ ባትሪውን አውጡ። ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ አትሙሉት፣ ቤት ውስጥም አታስቀምጡት። ድሮኑን ጆሯችሁ ጋ አድርጋችሁ ነቅነቅ አድርጉ፤ የሚንኳኳ ነገር ካለ ይከፈት። አራቱንም ፕሮፔለር ቀይሩ፣ ስንጥቅ ባይታያችሁም። ሞተሩን በጣታችሁ አዙሩት፤ አሸዋ ካለ ይከረክራል። ከዚያ ሣር ላይ፣ ሁለት ሜትር ላይ፣ ሁለት ደቂቃ አቁሙት። ክብ ካልሠራ ሦስተኛዋን ደቂቃ ጨምሩና አውርዱት፤ ሞተሮቹን ዳሱ። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ እሱ ነው የሚጠገነው።